ተላላፊ በሽታና የነጋዴው የኃላፊነት ኢንሹራንስ

በውሉ ላይ ስለሚጨመረው የማግለያ ቃልና ስለ ማስታወቅ ግዴታ የቀረበ ማብራሪያ

ማናቸውም አስተዋይ ነጋዴ ሱቁን ከእሳት፣ መኪናውን ከግጭት፣ ዕቃውን ከባሕር አደጋ ለመጠበቅ ሲል በየዓመቱ የኢንሹራንስ አረቦን ይከፍላል። ከዚህም አልፎ እርሱ ራሱ ወይም ሠራተኛው በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ካሣውን የሚከፍልለት ዋስትና ይገዛል፤ ይኸውም የኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚባለው ነው። ይሁን እንጂ የውሉ ወረቀት አንድ ጊዜ በካዝና ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ አደጋ እስኪደርስ ድረስ አውጥቶ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች በዚህ ዓይነት ውል ላይ አንድ ገጽ ወይም ከዚያ ያነሰ ተቀጥላ ወረቀት እየተያያዘ መጥቷል። ወረቀቱ የሚለውም በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከተላላፊ በሽታ የሚመነጭ ማናቸውም ኃላፊነት ከዋስትናው ውጭ ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለው ቃል የማግለያ ቃል ይባላል። የማግለያ ቃል በውል ውስጥ መኖሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው ነጋዴው መኖሩን ሳያውቅ ቀርቶ፣ ዋስትና አለኝ ብሎ ተማምኖ በተቀመጠበት አደጋው ሲደርስበት ነው። ስለዚህ ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋና አረቦኑ ከመከፈሉ በፊት ማን ለማን ማስታወቅ እንዳለበት መረዳት ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም አስፈላጊ ሆኗል።

የኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ነገር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 እንደደነገገው፣ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት። እንዲሁም ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ በፈጸመው ጥፋት ኃላፊነት ሲደርስበት አሠሪው ጭምር እንደሚጠየቅ በቁጥር 2130 ተደንግጓል። የኃላፊነት ኢንሹራንስ የተፈጠረው እንግዲህ ይህን ሸክም ለማቅለል ነው። ኢንሹራንስ ሰጪው በውሉ ከተወሰነው ገንዘብ ሳያልፍ ለተጎዳው ሰው ካሣ ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜም ጠበቃ አቁሞ ስለ ደንበኛው ይከራከራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሆቴል የሠርግ ድግስ ሲያስተናግድ የውኃ ማጠራቀሚያው ንጽሕና ባለመጠበቁ 40 እንግዶች በታይፎይድ ታመሙ እንበል። እያንዳንዱ ታማሚ ለሕክምናና ከሥራ ለቀረበት ጊዜ 30,000 ብር ቢጠይቅ የካሣው ድምር 1,200,000 ብር ይሆናል። ለጠበቃና ለዳኝነት 150,000 ብር ቢጨመርበት ጠቅላላው ወጪ 1,350,000 ብር ይደርሳል። ባለሆቴሉ እስከ 3,000,000 ብር የሚደርስ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ካለው፣ ነገሩ ቢያሳዝነውም ንግዱ ይፈርሳል ብሎ አይሰጋም። ነገር ግን ያ ተቀጥላ ወረቀት ከውሉ ጋር ተያይዞ ከሆነ ኢንሹራንስ ሰጪው አንድ ብር እንኳ አልከፍልም ለማለት ይችላል። ከዚህም የሚከፋው፣ የጠበቃው ወጪም ሳይቀር በባለሆቴሉ ላይ መውደቁ ነው።

እዚህ ላይ የሠራተኛውን ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የሠራተኛው ራሱ መታመም በአብዛኛው የሚታየው በኃላፊነት ኢንሹራንስ ሳይሆን በሠራተኞች ጉዳት ዋስትና ነው። በዚያም ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራው አካባቢ ተዛምቶ በሚገኝ ተላላፊ በሽታ መያዝን በሥራ ምክንያት እንደሚመጣ በሽታ አይቈጥረውም። ከዚህ ወሰን ውጭ የተደረጉት፣ ሥራቸው እንዲህ ያለውን በሽታ ማጥፋት ብቻ የሆነ ሠራተኞች ናቸው።

የማግለያው ቃል ከየት መጣ?

የኢንሹራንስ ሥራ የቆመው ብዙዎች በሚያዋጡት ገንዘብ የጥቂቶችን ጉዳት በመካስ ላይ ነው። በመርካቶ አንድ መጋዘን ቢቃጠል የሌሎቹ መጋዘኖች አረቦን ለካሣው ይበቃል። ተላላፊ በሽታ ግን በአንድ ጊዜ በብዙ ከተማና በብዙ አገር ስለሚገባ፣ አዋጪዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠያቂዎች ይሆናሉ። ኢንሹራንስ ሰጪዎች በሽታን የሚፈሩበት ምክንያት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከንቱ አይደለም።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.አ.አ.) በ2003 በፌብሩዋሪ ወር አንድ ሐኪም ከደቡብ ቻይና ወደ ሆንግ ኮንግ መጥቶ በአንድ ሆቴል አደረ። ሐኪሙም ሳርስ የተባለውን አዲስ በሽታ ይዞ ስለነበር በሆቴሉ ለነበሩ ሌሎች እንግዶች አስተላለፈ፤ እንግዶቹም በሽታውን ወደ ቬትናም፣ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ካናዳ ይዘውት ሄዱ። ወረርሽኙ እስኪቆም ድረስ በዓለም ከ8,000 በላይ ሰዎች ታመው 774 ሰዎች ሞቱ። የአንድ ሆቴል የአንድ ሌሊት እንግዳ በብዙ አገር ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የኢንሹራንስ ሰዎች የተማሩት በዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች የውል ቅጽ የሚያዘጋጀው ኢንሹራንስ ሰርቪስስ ኦፊስ የተባለው ድርጅት፣ በቫይረስና በባክቴሪያ ምክንያት የሚደርስን ጉዳት ከንብረት ኢንሹራንስ የሚያስወጣ ቅጽ በ2006 እ.አ.አ. አወጣ። በ2009 እ.አ.አ. ደግሞ ለንግድ ኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚያገለግለውን ሲ.ጂ. 21 32 የተባለውን የተላላፊ በሽታ ማግለያ ቅጽ አዘጋጀ። ቅጹ በማናቸውም ውል ላይ በግዴታ የሚገባ ሳይሆን ኩባንያው ሲፈልግ የሚያያይዘው ስለሆነ፣ በሁለት ጎረቤታሞች ባለሱቆች ውል መካከል በአንደኛው ሲኖር በሌላው ላይኖር ይችላል። በአሜሪካ ምግብ ቤትና የሸቀጥ መደብር ያላቸው ኢትዮጵያውያንም በውላቸው ጀርባ ያሉትን የቅጾች ቁጥር ዝርዝር ሲመለከቱ ይህን ቁጥር ሊያገኙት ይችላሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት በማርች 11 ቀን 2020 እ.አ.አ. የኮቪድ በሽታን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። በሽታው በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በተከተለው ወር በለንደን የሎይድስ ገበያ ማኅበር ለልዩ ልዩ ዓይነት ውሎች የሚሆኑ የማግለያ ቃሎችን አወጣ። ከእነዚህም ውስጥ ኤል.ኤም.ኤ. 5396 የተባለው ለኃላፊነት ኢንሹራንስ የተዘጋጀ ነው፤ ጄ.ሲ. 2020-011 የተባለው ደግሞ በመርከብና በሌላ ማጓጓዣ ለሚሄድ ዕቃ ኢንሹራንስ የሚሆን ነው። ሁለተኛው አስመጪውንና ላኪውን በቀጥታ ይነካል።

በለንደን የተጻፈ ቃል በአዲስ አበባ ወደሚፈረም ውል የሚደርሰው በጠለፋ ኢንሹራንስ መንገድ ነው። የአገር ውስጥ ኩባንያዎች የሚቀበሉትን ትልቅ አደጋ በሙሉ ብቻቸውን አይሸከሙም፤ ከፊሉን ለጠለፋ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ያስተላልፋሉ። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የራሷን የጠለፋ ኢንሹራንስ ኩባንያ ካገኘች በኋላም ከውጭ ገበያ ጋር ያለው ግንኙነት አልተቋረጠም። የጠለፋው ውል ተላላፊ በሽታን ካገለለ፣ ደንበኛውን የሚያስተናግደው ኩባንያ ወይ ያንኑ ቃል በደንበኛው ውል ውስጥ ማስገባት፣ ወይ ጉዳቱን ብቻውን መሸከም ይኖርበታል። ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጠ የሚታወቀው ውሉን በማንበብ ብቻ ነው።

ቃሉ ምን ያህል ሰፊ ነው?

የማግለያውን ቃል በችኮላ ያነበበ ሰው ስለ ታላቅ ወረርሽኝ ብቻ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የለንደኑ የኃላፊነት ማግለያ ቃል በአምስት በኩል የሰፋ ነው።

መጀመሪያ፣ የበሽታው ትርጉም ሰፊ ነው። ከአንዱ ሕይወት ካለው ፍጡር ወደ ሌላው ሊተላለፍ የሚችል ማናቸውም በሽታ ይገባበታል። አስተላላፊው ቫይረስ፣ ባክቴሪያ ወይም ጥገኛ ተሐዋሲ ሊሆን ይችላል። መተላለፊያውም አየር፣ የሰውነት ፈሳሽ፣ ወይም እጅ የነካው ዕቃ ቢሆን ልዩነት የለውም።

ሁለተኛ፣ በሽታው በእርግጥ ባይኖርም የበሽታው ፍርሃት ወይም ሥጋት ብቻ ለማግለል ይበቃል። ሦስተኛ፣ ለጉዳቱ ሌላ ምክንያት ቢታከልበትም፣ ቀድሞ የመጣ ይሁን ተከትሎ፣ ማግለያው ከመሥራት አይከለከልም። አራተኛ፣ የተገለለው ካሣው ብቻ ሳይሆን የመከራከሪያውም ወጪ ነው። አምስተኛ፣ ቦታውን ለማጽዳት፣ ተሐዋሲውን ለማጥፋትና ለምርመራ የሚወጣውም ገንዘብ አብሮ ይወጣል።

የአሜሪካው ቅጽ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይጠነክራል። ከሳሹ ክሱን ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ነጋዴው ቸልተኝነት አድርጎ ቢያቀርበውም ማግለያው ይሠራል ይላል። ይኸውም ነጋዴው በበሽታው የተያዘ ሠራተኛ በመቅጠሩ ወይም ባለመቆጣጠሩ፣ ምርመራ በማድረጉ ረገድ፣ በሽታው እንዳይዛመት ባለመከላከሉ፣ ወይም ለባለሥልጣን ባለማስታወቁ ቢከሰስ ማለት ነው። ነጋዴው በእርግጥ ሊከሰስባቸው የሚችሉት ነገሮች እነዚሁ ስለሆኑ፣ ከማግለያው በኋላ ከበሽታ በኩል የሚቀረው ዋስትና እጅግ ጥቂት ነው።

አጠራጣሪ የሆኑ ጉዳዮች

ቃሉ ሰፊ ቢሆንም ወሰኑ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። የአሜሪካው ቅጽ ተላላፊ በሽታ ማለት ምን እንደሆነ ትርጉም አይሰጥም። በ1976 እ.አ.አ. በፊላዴልፊያ ከተማ በአንድ ታላቅ ሆቴል ተሰብስበው ከነበሩት የቀድሞ ወታደሮችና ከሌሎችም ሰዎች ብዙዎቹ በሳምባ በሽታ ተይዘው 34 ሰዎች ሞቱ። የበሽታው ምክንያት ቀድሞ ያልታወቀ ባክቴሪያ መሆኑ የተገለጠው በተከተለው ዓመት ነው። ይህ ባክቴሪያ በውኃ ማከማቻና በማቀዝቀዣ መሣሪያ ውስጥ የሚራባ፣ ሰውም ከእንፋሎቱ ጋር የሚተነፍሰው ሲሆን፣ በተለምዶ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንግዲህ ተላላፊ በሽታ ነው ወይስ አይደለም? እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሣ ኢንሹራንስ ሰጪው አንዱን፣ ነጋዴው ሌላውን መያዙ አይቀርም።

በምግብ የሚመጣ በሽታም እንዲሁ ነው። ኮሌራና ታይፎይድ ከሰው ወደ ሰውም፣ በምግብና በውኃም ይተላለፋሉ። ለኢትዮጵያ ላኪዎች ደግሞ የሚቀርበው ምሳሌ ሰሊጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.አ.አ. ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ በሚገባው ሰሊጥ ላይ ሳልሞኔላ ስለተባለው ባክቴሪያ የተጠናከረ ምርመራ እንዲደረግ አዟል። ሳልሞኔላ ያለበት ሰሊጥ ገበያ ደርሶ ሰዎች ቢታመሙ፣ ላኪው በሸቀጡ ምክንያት ሊጠየቅ ይችላል። በኃላፊነት ውሉ ላይ ሰፊው የማግለያ ቃል ከገባ ግን፣ ላኪው የሚፈራው ዋናው አደጋ ተሸፍኗል ወይስ አልተሸፈነም የሚለው ጥያቄ ለክርክር የተጋለጠ ይሆናል። ሰሊጥ ላኪው ይህን ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ዕቃው ከጅቡቲ ከመነሣቱ በፊት ነው።

ከሥራ መቋረጥ ኢንሹራንስ ጋር ያለው ልዩነት

ብዙ ነጋዴዎች በኮቪድ ዘመን ፍርድ ቤቶች ለነጋዴዎች ፈርደዋል ሲባል ሰምተዋል። ያ ፍርድ ግን የሥራ መቋረጥ ኢንሹራንስን የሚመለከት ነበር፤ ይኸውም ነጋዴው ሱቁ ስለተዘጋ ያጣውን ገቢ የሚተካለት ሲሆን፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ግን ነጋዴው ለሌላ ሰው የሚከፍለውን ካሣ የሚሸፍን ነው።

በእንግሊዝ የፋይናንስ ሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በስምንት ኢንሹራንስ ሰጪዎች ላይ 21 ዓይነት የውል ቃሎችን ይዞ ለፍርድ ቀረበ። ጉዳዩ 700 ያህል የውል ዓይነቶችንና 370,000 ደንበኞችን ሊነካ ይችላል ተብሎ ተገምቶ ነበር። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 15 ቀን 2021 እ.አ.አ. በሰጠው ፍርድ በአብዛኛው የደንበኞቹን ወገን ደገፈ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎም የደቡብ አፍሪካ የይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬፕ ታውን ለሚገኝ አንድ ካፌ በተመሳሳይ ጉዳይ ፈርዷል።

ከእነዚህ ፍርዶች የሚገኘው ትምህርት ደስታና ማስጠንቀቂያ አለበት። ደንበኞቹ የረቱት ውላቸው ስለ ተላላፊ በሽታ የሚናገር የዋስትና ቃል ስለነበረው ነው። ከ2020 እ.አ.አ. ወዲህ የተጻፉት የማግለያ ቃሎች ግን ይህን በር ለመዝጋት ታስበው የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ውል የሚያድስ ነጋዴ በቀድሞው ፍርድ ተማምኖ መቀመጥ አይገባውም።

የማስታወቅ ግዴታ የማን ነው?

በኢንሹራንስ ሕግ የማስታወቅ ግዴታ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የደንበኛው ግዴታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 667 ኢንሹራንስ የሚገባው ሰው ኢንሹራንስ ሰጪው አደጋውን ለመገመት የሚያስችሉትንና እርሱ የሚያውቃቸውን ነገሮች ሁሉ በትክክል እንዲያስታውቅ ያዛል። አውቆ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ እንደሆነ ውሉ ዋጋ እንደሚያጣ በቁጥር 668 ተመልክቷል። ስለዚህ በሆቴሉ ውስጥ ቀድሞ በሽታ ደርሶ እንደሆነ የተጠየቀ ባለሆቴል እውነቱን መናገር አለበት።

ይሁን እንጂ ቅንነት የአንድ ወገን ብቻ ዕዳ አይደለም። የእንግሊዙ ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ በ1766 እ.አ.አ. በአንድ የሱማትራ ምሽግ ኢንሹራንስ ክርክር ላይ ሲፈርዱ፣ ሁለቱም ወገኖች በግል የሚያውቁትን ነገር ከመደበቅ መከልከል አለባቸው የሚለውን መሠረት አቆሙ። መርከቡ በደኅና ወደብ መድረሱን በምሥጢር እያወቀ ለመርከቡ ጉዞ አረቦን የተቀበለ ኢንሹራንስ ሰጪም ውሉ እንደሚፈርስበትና አረቦኑን እንደሚመልስ በምሳሌ አስረዱ። ነጋዴው የሚፈራው ዋና አደጋ ከውሉ እንደወጣ እያወቀ ዝም ብሎ አረቦን የሚቀበል ሰው ሁኔታም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ሌላው እንግሊዛዊ ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ በ1956 እ.አ.አ. በአንድ መጋዘን ስለተቀመጡ ስምንት በርሜል የብርቱካን ጭማቂ በቀረበ ክርክር ላይ፣ አንዳንድ ከባድ የውል ቃሎች በቀይ ቀለም ታትመው ቀይ የእጅ ሥዕል ካላመለከተባቸው በቀር በበቂ ተነግረዋል ለማለት እንደማይቻል ገልጸዋል። ነገር ግን በዚያው ክርክር የተረታው ባለጭማቂው ነው። ምክንያቱም ከባለመጋዘኑ ጋር ለብዙ ጊዜ ሲሠራ ያንኑ ቅጽ ደጋግሞ እየተቀበለ ሳያነበው በመቅረቱ ነበር። በየዓመቱ ውሉን ሳያነብ የሚያድስ ነጋዴ ይህን ታሪክ ሊያስታውሰው ይገባል።

የኢትዮጵያ ሕግም ስለዚህ ዝም አላለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686 አንዱ ወገን በጠቅላላ የሥራ ደንቡ የሚጠቀምባቸው የውል ቃሎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት፣ ይህ ወገን አውቋቸው የተቀበላቸው እንደሆነ፣ ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ እንደሆነ ነው ይላል። እንዲሁም በቁጥር 1738 መሠረት አንዱ ወገን ያዘጋጀው ቅጽ አጠራጣሪ የሆነ እንደሆነ የሚተረጎመው ባዘጋጀው ወገን ላይ ነው። ስለዚህ ሳይነገረውና ሳይሰጠው የቀረ ተቀጥላ ወረቀት የቀረበበት ነጋዴ የሚከራከርበት ነጥብ አለው። ነገር ግን የክርክር ነጥብ መኖርና ገንዘብ በእጅ መግባት የተለያዩ ናቸው፤ ክርክሩ ዓመታት ሲወስድ ታማሚዎቹ ካሣቸውን የሚጠይቁት ዛሬ ነው። በውሉ ላይ የፈረመ ሰው ደግሞ አላነበብኩም በማለት ብቻ ለመዳን ይቸግረዋል።

በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ኢንሹራንስ ሰጪው በዕድሳት ጊዜ ዋስትናውን የሚቀንስ እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ እንዳለበት ተደንግጓል። ለኢንሹራንስ ሰጪዎችም ቢሆን ይህ ልማድ ጠቃሚ ነው። የማግለያውን ቃል በውሉ ፊት ላይ በጉልህ የሚጽፍ፣ ደንበኛውንም አስረድቶ የሚያስፈርም ኩባንያ በኋላ ከክርክርና ከመጥፎ ስም ይድናል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ውሉን ከነተቀጥላዎቹ በሙሉ ተቀብሎ ያንብብ፤ በውሉ ላይ የተዘረዘሩት የቅጾች ቁጥርና በእጁ የደረሱት ወረቀቶች እኩል መሆናቸውን ያመሳክር። ቋንቋው ከከበደው የሚያውቅ ሰው ያስነብብ።

ሁለተኛ፣ አረቦኑን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ያቅርብ። በዚህ ውል ከተላላፊ በሽታ የሚመነጭ ኃላፊነት ተገልሏል ወይ? ተገልሎ ከሆነ በምግብ፣ በውኃና በሸቀጥ የሚመጣውን ይጨምራል ወይ? የመከራከሪያው ወጪስ? መልሱንም በጽሑፍ ተቀብሎ ከውሉ ጋር ያኑር። የቃል ተስፋ በፍርድ ቤት ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛ፣ በየዕድሳቱ የአምናውንና የዘንድሮውን ውል ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት። አረቦኑ አለመጨመሩ ዋስትናው አለመቀነሱን አያረጋግጥም።

አራተኛ፣ ማግለያው ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ በከፊል እንዲላላ ይጠይቅ። አንዳንድ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ተጨማሪ አረቦን ተቀብለው ለተወሰነ ገንዘብ ብቻ ዋስትናውን ይመልሳሉ፤ ሌሎችም በምግብ የሚመጣውን በሽታ ከማግለያው ያወጣሉ። ቢያንስ የመከራከሪያው ወጪ እንዲሸፈን ማድረግ ትልቅ ጥቅም ነው።

አምስተኛ፣ ላኪው ለውጭ አገር ገዢ የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ ያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ የዋስትናውን ዓይነትና የገንዘቡን ልክ እንጂ የማግለያ ቃሎችን ሁሉ እንደማያሳይ ይወቅ። በሽያጩ ውል ላይ ከዋስትናው የሰፋ ግዴታ ከገባ ልዩነቱን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። አስመጪውም ሌላ ሰው የሚያቀርብለትን ምስክር ወረቀት በዚሁ ዓይን ይመልከተው።

ስድስተኛ፣ ዋስትናው ባይኖርም ኃላፊነቱ ስለማይቀር፣ ጥንቃቄውን ያጠንክር። የውኃ ማጠራቀሚያው መቼ እንደታጠበ፣ የወጥ ቤት ሠራተኞች መቼ እንደተመረመሩ፣ የሰሊጡ ናሙና የት እንደተፈተሸ በቀንና በፊርማ የሚመዘገብበት መዝገብ ይኑረው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው መዝገብ በሽታውን ከመከላከሉም በላይ ጥፋት የለብኝም ለሚል ተከሳሽ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ ኢንሹራንስ ሰጪው ሊሸከም የማይችለውን አደጋ አልቀበልም የማለት መብት አለው፤ ነጋዴውም ገንዘቡን ከፍሎ ምን እንደገዛና ምን እንዳልገዛ የማወቅ መብት አለው። ዋስትናው የተወሰነ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ነጋዴ ገንዘብ ለይቶ ሊያስቀምጥ፣ ሌላ ዋስትና ሊፈልግ፣ ወይም አደገኛውን ሥራ ሊተው ይችላል። ያላወቀው ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ አረቦኑን፣ ሁለተኛ ጊዜ ካሣውን። በሚቀጥለው የዕድሳት ቀን ውሉን ከካዝና አውጥቶ ስለ ተላላፊ በሽታ የሚናገረውን ቃል መፈለግ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።